የአራት ልጆች አባት

ዓርብ፣ ኅዳር 6

…እና ነጠላዋን ከወገቧ ላይ ፈታችው። እያነበብኩ ነበር። ቀና ያልኩት ትንፋሽ ለመውሰድ ብቻ ነው፣ ያኔ አየኋት። ከሴቶቹ መሐል፣ ከሬሳ ሳጥኑ በስተቀኝ፣ ልክ እንደ እኛ እንደ ልጆቹ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ የታጠቀች ሴት። ቋጠሮውን ፈታችው። ሳትቸኩል። አራገፈችው፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ጎረቤቶች መሐል ገባች።

እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ይኼን ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር እንኳ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

በሥርዓት ልጻፈው። አባቴ ጥቅምት አምስት ቀን ደምበጫ ሞተ። አናጢ ነበር። ቀብሩ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሬሳው ከመውረዱ በፊት የተነበበውን የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል «የምን ሌላ ሰው ፍለጋ ነው፣ ጸሐፊ ቤታችን ቁጭ ብላ» አለ። ደብረ ማርቆስ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ መሆኔን ማለቱ ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ ጸሐፊ ብሎኝ አያውቅም። ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ ያልኩ ጊዜ «ደመወዙን ማን ይከፍልሻል» ብሎ የሳቀው እሱ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ይላል፦ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ። ቤት ሲሠሩ ሁልጊዜ ከማዕዘን ይጀምሩ ነበር፤ ለራሳቸውም አራት ማዕዘን አቁመው ሄዱ።»

አምስት ነን።

አምስተኛዋ፣ በዕድሜ ግን የሁላችን ታላቅ፣ ብርቄ ትባላለች። አባቴ እማዬን ከማግባቱ በፊት ሮብ ገበያ የምትባል የደጋ ከተማ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሊመታ ሄዶ የወለዳት ናት። ቤታችን ውስጥ ስሟ አይጠራም። ከዚያን ቀን በፊት አይቻት አላውቅም። ግን የአባቴን አገጭ የትም ባየው አልስተውም።

ዛሬ ይኼን የምጽፈው መምህር አንተነህ ከክፍል ሲወጡ ስለጠሩኝ ነው። ባለፈው ለኮርሱ ያስረከብኩትን የአባቴን የሕይወት ታሪክ በተማሪዎች መድበል ሊያወጡት ይፈልጋሉ። ሊታተም ነው። «ያቺ የማዕዘኗ ዐረፍተ ነገር» አሉ፣ ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ስንት ዓመት አስተምሬ እንደሷ ያለች ከተማሪ አላገኘሁም።» አርሜ ሐሙስ እንዳመጣ ነገሩኝ።

ደስ አለኝ። ይኼን መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት ደብተሩ ምን ያደርግልኛል። በጣም ደስ አለኝ። እስከ ዶርም ድረስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ። በሩን ስገፋ ነው ነጠላዋ ትዝ ያለኝ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ይበልጣል ደወለ። ሦስቴ ተቋርጦ በአራተኛው ተሰማ።

«ማስቱ፣ አንድ ነገር ጻፊልን።»

የወራሽነት ማመልከቻ ነው፣ ለፍርድ ቤት። ለአርባው ስሄድ ይዤው እንድመጣ።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንደ ቀብሩ አድርጊዋ። የአራት ልጆች አባት። አገር የሰማው ነገር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ምስክር ያሻናል።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም፣ አያ።»

«እንግዲያው በይ። አደራ፣ በዚያው በጥሩ አማርኛሽ።»

ያውቃል። ድምፁ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ፤ ሲያውቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወራ። ያን ቀን ቤታችን ግቢ ውስጥ እኔ ስጽፍ አጠገቤ ነበር። «ስንት አልሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሲነበብ ሰማ፣ ዝም አለ፣ አሁን ሥራ ላይ ሊያውለው ነው።

ዐረፍተ ነገሬ ሥራ አገኘች። መድበል ላይም፣ ፍርድ ቤትም።

አርባው የዛሬ ሳምንት ነው። በማግስቱ ፆም ስለሚገባ ዘመዱ ሁሉ ተመቸን ብሏል።

እስከዚያ ድረስ፦

የመምህር አንተነህ ጽሑፍ፣ ሐሙስ።
የይበልጣል ማመልከቻ፣ ዓርብ።
የሥነ ልሳን ፈተና፣ ገና አልተነካም።
ለእማዬ የጉልበት ቅባት።
ብርቄ።

ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም።


እሑድ፣ ኅዳር 8

ለሰዓዳ ነገርኳት። መጀመሪያ መድበሉን ብቻ።

ሰዓዳ የዶርም ጓደኛዬ ናት፣ ሒሳብ ነው የምትማረው፣ እሷም የደምበጫ ልጅ ናት። አባቷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምስማር የገዛው ከእሳቸው ነው።

«ኧረ ጉድ!» አለች፣ እግሮቿን አልጋው ላይ ሰብስባ። «አንቺ እኮ ሰው ሲሞት ነው የሚያምርልሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ያኔ ቀሪውን ነገርኳት፤ ነጠላውን፣ አራትን፣ አምስትን፣ ብርቄ የምትባል እህት እንዳለችኝ።

አልገረማትም። ያልጠበቅሁት ይኼን ነው።

«አባቴ እኮ ያውቃታል» አለች። «አባትሽ አንድ ጊዜ ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ ገዝቶ፣ ለማን ነው ሲለው፣ ለልጄ ነው፣ ሮብ ገበያ ላለችው፣ በር ልሠራላት ነው አለው። እቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። አንቺ አታውቂም እያልኩ ነበር የማስበው።»

ለልጄ ነው ብሏል። ሱቅ ቆሞ፣ ሰው ፊት፣ ማጠፊያ በእጁ ይዞ። የማይነገር ነገር ነው ብዬ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ እንዴ?

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

«እኔንማ ተይኝ፣ የሒሳብ ሰው ነኝ። አራትና አምስት አንድ አይደሉም።»


ሰኞ፣ ኅዳር 9

ክፍል አልገባሁም። ታምሜያለሁ ብያለሁ። ይኼ ሁለተኛው ውሸት ነው፣ ወይም የቱን ከቁጥር እንደማስገባ ይወሰናል።

አንድ ነገር አለ። ከቀብሩ ጀምሮ ለራሴ ስነግረው የከረምኩት፦ እማዬ አራት በይ አለችኝ። ለሰዓዳም ትናንት እንዲህ ነው ያልኳት። ዛሬ ቁጭ ብዬ ያን ቀን ቃል በቃል ላስታውስ ሞከርኩ።

እማዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። ሴቶቹ ትንሽ ፋታ ሰጥተዋታል። ረቂቁን ይዤ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ስንት ልጆች ልበል?» አልኳት። ወደ በሩ አየች። በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ አባቴ ራሱ የሠራው ነው፣ ለእሱ ታለቅሳለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እንደሚሆን አድርጊው» አለች።

አራት አላለችም።

ረቂቁ አለኝ። ዛሬ ከሻንጣዬ ሥር አወጣሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በራሴ ጽሕፈት፣ «የአምስት ልጆች አባት» ይላል። አምስት ተሠርዟል። አስታወስኩ። እማዬን ከመጠየቄ በፊት ነው የሠረዝኩት። የማዕዘኗ ዐረፍተ ነገር መጣችልኝ፤ እንዴት እንደመጣች አላውቅም፣ እንባዬ እየወረደ፣ ስትመጣ ግን ሰውነቴን ሁሉ ሙቀት ወረረኝ። ቤት አምስት ማዕዘን የለውም። ስለዚህ ሠረዝኩ። እማዬ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሌላ ሰው እንዲለኝ ፈልጌ።

ለእማዬ ብዬ አይደለም። ይበልጣልን ፈርቼም አይደለም። ለዐረፍተ ነገሯ ብዬ ነው።

አንዲት ሴት ከአባቷ ቀብር ላይ አስወጣሁ፣ ዐረፍተ ነገሬ እንድታምር።

ከሰዓት በኋላ ላስተካክላት ሞከርኩ።

«ለራሳቸውም አምስት ማዕዘን አቁመው ሄዱ።» እብድ የሠራው ቤት።
«አራት ማዕዘንና አንድ ጣሪያ።» ይበልጣል ጣሪያው ማን ነው ይላል።
«አራት ማዕዘንና አንድ በር።» እሷን በር አልኳት። ሰው ገብቶ የሚወጣባት።

ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ ከፈትኩትና ይኼን ጻፍኩ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሰዓዳ አባቷን በስልክ ጠየቀችልኝ። ብርቄ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ድንች ታወጣለች። ነገ ረቡዕ ነው።

የማልሄድበት ምክንያት፦

መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር።
ፈተናው።
ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።
ብታባርረኝስ።
ባታባርረኝስ።

ሁሉም እውነት ናቸው። የሚያስቀር ግን አንድም የለም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሄድኩ።

በጠዋት ሚኒባስ። መስኮቱ አይዘጋም፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮዬን ሲበላው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ በእቅፋቸው ይዘው ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «የአናጢው! ብርቄን ትመስያለሽ መቼስ» አሉ። እዚያ አገር እኔ ነኝ እሷን የምመስለው።

ገበያው ውስጥ ሁለት ጊዜ አልፌያት ሄድኩ። ጆንያ ላይ የተቆለለ ድንች ኋላ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ትከሻው ላይ ፀሐይ አንጥቶታል። እኔ ጥቁሬን አውልቄ ክፍል ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።

በሦስተኛው ፊቷ ቆምኩ።

«ስንት ላድርግልሽ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አንድ ኪሎ።»

ዶርም ውስጥ ድንች ምን አደርገዋለሁ። መዘነች። ሚዛኑ እኩል ሲሆን አንድ ወፍራም ድንች በላዩ ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀና አለች።

«ስታነቢ ድምፅሽ ያምራል» አለች።

«እርስዎ…» አልኩ።

«እህትን አንቱ ይሏል እንዴ? ወይስ ይኼም ተጽፎ ነው?»

«ይቅርታ።»

«ለየትኛው?»

ስመጣ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ሁሉ ለሌላ ጥያቄ ነበር። አየችኝ። ከዚያ ወደ ጎን ዘወር ብላ ሽንኩርት ለምትሸጠው ሴት፣ «እቴ፣ ይቺን ድንች ጠብቂልኝ እስኪ፣ እህቴ መጥታለች» አለቻት። በቃ። አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ያላልኩትን።

ቤቷ ከገበያው ቅርብ ነው፣ ሽቅብ። ክብ የሣር ቤት፣ ዙሪያው የተቆፈረ የድንች መሬት፣ ጥቁር አፈር። በሩን ሳየው ቆምኩ። ሦስት ሳንቃ፣ የተላገ፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ከግርጌው በስተቀኝ የጣት ጥፍር የምታህል ጭረት። አባቴ በሠራው ሁሉ ላይ ያቺን ጭረት ያደርጋል። የእኛም በር አለው። ዝቅ ብዬ ነካሁት።

«እሱ ነው» አለች ከኋላዬ።

«አዎ።»

«ሁለት ቀን ፈጀበት። ዝናብ ነበር።»

የተቀቀለ ድንች በጨውና በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። «ረቡዕ ነው፣ ወተት አልሰጥሽም» አለች። በላሁ። ቀጥዬ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ብዙ በላሁ።

«ይዘሽዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። እስኪ አንብቢልኝ። ያን ቀን ግማሹን ነው የሰማሁት፣ ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ አልሠራም።»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባይኖር ኖሮ እላለሁ። አነበብኩላት፤ የት እንደተወለደ፣ መጋዝ እንዴት እንደተማረ፣ ሲሠራ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደሚረሳው። እዚያ ላይ ፈገግ አለች። ድምፄ ጥሩ ነበር። እዚያም ቤት፣ እሷ ፊትም፣ ቆንጆ አድርጌ አነበብኩት፤ ራሴን ጠላሁት። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ አቆምኩ።

«ቀጥዪ።»

«…ለራሳቸውም አራት ማዕዘን አቁመው ሄዱ።»

ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችው። «የእኔ ቤት ክብ ነው» አለች። «ማዕዘን የለውም።»

ምሰሶ አለው ልላት አፌን ከፈትኩ። አንቺ ምሰሶው ነሽ። መጥታልኝ ነበር፣ ተዘጋጅታ። ከንፈሬን ነከስኩ። እንደገና ዐረፍተ ነገር ልሠራባት ነበር።

ማመልከቻውን ነገርኳት። አምስት ብዬ እንደምጽፈው፣ ስሟ መጀመሪያ እንደሚሆን።

«እሱን ዳኛው ያየዋል» አለች፤ ልጣጩን በመዳፏ እየሰበሰበች። «እኔ የሰማሁት በሰው ፊት ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ያን ቀን የነበረው ሰው አርባው ላይ ይመጣ የለም?»

ከዚያ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሁሉ፣ «አባታችን ሲመጣ ድፎ ዳቦ ይዞ ነበር የሚመጣ» አለች። «በኮባ የተጋገረ፣ ገና ለብ ያለ። እናትሽ ናት የምትጋግረው። ስሜን አትጠራም፣ ዳቦዬን ግን አንድ ጊዜ አላስቀረችም።»

ሁለት ድፎ። አባቴ ወደ ላይ ለሥራ ሲሄድ እማዬ ሁልጊዜ ሁለት ነበር የምትጋግር። አናጢ ብዙ ይበላል እያልኩ ነው ያደግሁት።

«ትመጫለሽ?» አልኳት በሩ ላይ።

«እንጃ። ድንች ቁፋሮ ላይ ነኝ።» ከዚያ የድንቹን ፌስታል እጄ ላይ አደረገች። «የገዛሽውን ረስተሽ ትሄጂያለሽ?»


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ጠዋት ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ፣ ጭሱ ግቢ ድረስ ገባ። ዓይኔ የቀላው በጭሱ ነው ብል ያምኑኛል።

ለመምህር አንተነህ አዲሱን ሰጠኋቸው። ማዕዘኗ የለችም። በእሷ ቦታ፦ «የአምስት ልጆች አባት ነበሩ። ስማቸውም ብርቄ፣ ይበልጣል፣ ባንቺአየሁ፣ ማስተዋል፣ ሙሉቀን ነው።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ዐረፍተ ነገሯስ?»

«ውሸት ነበረች።»

«ምኗ?»

«ቁጥሯ።»

አሰቡበት። ደግ ሰው ናቸው፣ በእውነት አሰቡበት። «አየሽ፣ ይኼ የስም ዝርዝር ነው» አሉ። «ያ ጽሑፍ ነበር። እኔ ብሆን የድሮውን ነው የማወጣው። ስም አልጠራሽ፣ ማንን ይጎዳል? እስከ ሰኞ አስቢበት።»

እሺ አልኩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፦ የድሮው ይሻላል ሲሉኝ ደስ አለኝ። ትንሽ። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አልቀደድኩትም።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

ደምበጫ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች መጥተዋል፣ እህቴ ባንቺአየሁ ከሴቶቹ ጋር ማጀት ናት። ባንቺአየሁና ትንሹ ሙሉቀን ከዚህ ጉዳይ የሉበትም፤ ያን ጊዜም ማንም አልጠየቃቸውም።

ይበልጣል ማመልከቻውን ቆሞ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ቆመ።

«አምስት?»

«አምስት።»

«አባዬ ከሞተ ወዲያ ወለደ እንዴ?»

«አያ፣ ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀው አንቺ ያነበብሽውን ነው። አንቺ ነሽ አገር ፊት አራት ያልሽ! ዛሬ ምን ተገኘ? የዩኒቨርሲቲ ሰው ነገር…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ እማዬ ፊት እንዳታነቢው።»

«ምኑን?» አለች እማዬ።

በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር፣ ሰፌዱ ጭኗ ላይ። ወረቀቱን ከይበልጣል እጅ ወሰድኩ። ስሞቹን ብቻ አነበብኩላት። ብርቄ ስል እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች።

«እንደገና» አለች።

እንደገና አነበብኩ።

አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «ይበልጣል፣ የድንኳኑ ገመድ ላልቷል» አለች። «ሂድ አጥብቀው።»

በቃ ይኼው ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሮብ ገበያ እንደሄድኩ አልነገርኳትም። ነገ ምን ላደርግ እንዳሰብኩም አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ቁጥሩን ከሠረዝኩ በኋላ ነው የጠየቅኋት። አሁን ጨርሶ አልጠየቅኋትም። የባሏ አርባ ነው፣ ቤቱ የእሷ ነው፣ የምቆመው በእሷ ሰዎች ፊት ነው። ልክ ላደርገው ስል ራሱ እሷን እያስወጣሁ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ሦስቴም ቅባቷን ጉልበቷ ላይ አሽቼ ተመለስኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የምጽፈው። አለቀ ካልን።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ያን ቀን የነበረው ሰው ሁሉ፣ አንድም የቀረ የለም። ብርቄ ካህናቱ ማዕዱን ሲባርኩ ደረሰች። በባጃጅ፣ ግማሽ ጆንያ ድንች ይዛ። ጆንያውን ማጀት በር ላይ አስቀመጠችና ከሁሉ ኋላ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ የጎረቤት ቦታ ላይ ተቀመጠች። እማዬ አየቻት። እንዳየቻት አየሁ።

ሰው በልቶ እጁን ሲታጠብ ተነሳሁ። አርባ ላይ የሕይወት ታሪክ አይነበብም፤ ሰዎቹ ግራ ገባቸው፣ ባንቺአየሁ ከማጀት ብቅ ብላ «ምን ሆነች?» ስትል ሰማኋት። ድምፄ ዛሬ አላማረም፣ ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

«የአባቴ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የተሳሳተ ነገር አለ» አልኩ። «የአራት ልጆች አባት ብዬ ነበር። አባቴ የአምስት ልጆች አባት ነው።» ስሞቹን ጠራሁ። እሷን መጀመሪያ።

ይበልጣል ጫማውን ያያል። አያ ምሕረቴ፣ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን መጋዝ የሳቡት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አምስት ናቸው እንጂ» አሉ። «እኛም ስንቆጥር አምስት ነበሩ። ያን ቀን ልጅቱ ደንግጣ ነው ተባብለን ነበር። አባት ሞቶባት፣ ምን ይፈረድባታል!»

«እሰይ!» አለ ሌላው። «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። አንዷ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ። ይቅር ብለውኝም ነበር፣ ለድንጋጤዬ።

አልደነገጥኩም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። አውቄ ነው የሠረዝኩት፣ ቁጭ ብዬ፣ በእስክሪብቶ። ግን ሁሉም በደግነት እያዩኝ ነበር፣ እና ደግነቱ ሞቀኝ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይኼም ይጻፍብኝ።

ብርቄ ብቻ በደግነት አላየችኝም። እንዲያው በቀጥታ አየችኝ። እሷ ረቡዕ ለት ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዴት አድርጌ እንደማነባት ሰምታለች። ድንጋጤ እንዳልነበረ ታውቃለች።

ከዚያ እማዬ ተነሳች። ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። በድንኳኑ መሐል አልፋ እስከ አግዳሚው ጫፍ ሄደችና ብርቄ ፊት ቆመች። ከቀብሩ ቀን በቀር ተያይተው እንደሚያውቁ እንጃ። አንዷ የአንዷን ፊት እያየች ቆዩ። እማዬ እጇን ዘርግታ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

«ነይ» አለቻት።

ብርቄ ተነሳች። አብረው ወደ ቤት ገቡ፣ አባቴ ወደ ሞተበት ክፍል፣ እማዬ ከፊት፣ ብርቄ ከኋላ። እኔም ተነስቼ ተከተልኩ። ምን እንደምላቸው አላውቅም፣ ብቻ ተከተልኩ። የበሩ ደፍ ጋ ስደርስ ብርቄ ዘወር አለች፣ ዓይኗ ከበሩ ግርጌ ያለችው ጭረት ላይ አረፈ፣ ከዚያ እኔ ላይ።

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ።